ሐረጎን ወርደን ምሳ እስክንበላ፦ በቡድን ሞተር ስንወጣ ስንት እንሁን? መጨረሻስ ማን ይሁን?

መነሻ ጽሑፍ

ባለፈው እሑድ ከደሴ ሰባት፣ ከኮምቦልቻ አራት ሆነን በሞተር ወደ ባቲ ለምሳ ወጥተን ነበር። የደሴዎቹ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከፒያሳ ተነሥተን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ ወረድን። ኮምቦልቻ ስንደርስ አራቱ ወንድሞቻችን ሞተር አስነሥተው ይጠብቁን ስለነበር፣ ሳንወርድ፣ ሳንጨባበጥ፣ ሳንቆጠርም ተከታትለን ቀጠልን። ባቲ ምግብ ቤት ገብተን እጃችንን ከታጠብን በኋላ፣ የሁላችንን መዋጮ የያዘው ልጅ በስም ዝርዝሩ መሠረት አሥራ አንድ ለስላሳ አዘዘ። ጠርሙሶቹ ሁሉ ተከፍተው አንዱ የሚያነሳው አጥቶ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሰው መጉደሉን ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

የጎደለው ከደሴዎቹ የመጨረሻው ነበር። ከሐረጎ ኩርባዎች በአንዱ ላይ ከጭነት መኪና የተራገፈ ጠጠር አንሸራትቶት ወድቆ ኖሯል። ጉልበቱ ተልጦ፣ የሞተሩ የእግር መርገጫ ተጣምሞ መንገድ ዳር ተቀምጦ ሰባት ጊዜ ደውሎልናል፤ ነገር ግን ስልኮቻችን ጃኬት ውስጥ፣ ጆሮዎቻችንም ሄልሜት ውስጥ ነበሩ። በመጨረሻ እሱንም ሞተሩንም ኮምቦልቻ ያደረሰው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ የአይሱዙ ሾፌር ነው። እኛ የደሴዎቹ ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር ተደባልቋል ብለን፣ እነሱም ከደሴ የመጣነው ስድስት ብቻ ነን ብለው፣ አንድ ሰው ጥለን ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ሄድን።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፦ በአንድ ጊዜ ስንት ሞተር ቢወጣ ይበጃል? መጨረሻ የሚሄደውስ ማን ነው? የእኔ ሐሳብ ከአምስት ወይም ከስድስት እንዳንበልጥ፣ የሚቀጥለውም ምሳ ባቲ ሳይሆን ሐይቅ ከተማ እንዲሆን ነው፤ መንገዱ አጠር ይላል፣ ዓሣውም ለሁላችን የሚሆን ገበታ ነው።

መልሱ ስለበዛ፣ ዘግይተው ለሚገቡ አንባቢዎች ስል የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር በቁጥሩ ሥር በራሴ አባባል አስፍሬዋለሁ።

1ኛ

መጀመሪያ የመለሱት በዕድሜ የገፉ የደሴ ሰው ናቸው። ልጁ በመትረፉ ፈጣሪን ካመሰገኑ በኋላ፣ ጥፋቱን በቁጥራችን መብዛት ላይ ማላከኬን አልወደዱትም። በልጅነታቸው ፍየል ይጠብቁ እንደነበር፣ እረኛ ቦርከናን ከመሻገሩ በፊትም ከተሻገረ በኋላም መንጋውን እንደሚቆጥር፣ እኛ ግን ከፍየል የማይበዛ ሰው ይዘን አንድ ጊዜ እንኳ አለመቁጠራችን እንደገረማቸው ጻፉ። አነጋገራቸው ትሑት ስለሆነ ተግሣጽ መሆኑ የገባኝ ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ነው።

2ኛ

ከመጀመሪያው ጋር መስማማቱን በአንድ መስመር ገልጾ አለፈ።

3ኛ

ይህ የኮምቦልቻ መካኒክ ነው፤ ከመልሶቹ ሁሉ ረጅሙን የጻፈውም እሱ ነው። ጠጠሩ ምክንያት ይሁን እንጂ መነሻው ፍሬን ሳይሆን እንደማይቀር ይገምታል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ከፍታው ወደ 600 ሜትር ይወርዳል፤ የሚበዛው መውረድም ሐረጎ ላይ የተከማቸ ነው። አብዛኞቻችን የምንነዳቸው ባለ 125 እና ባለ 150 ሲሲ ሞተሮች የኋላ ፍሬናቸው ባለ ሸራ ነው። ነጂው ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬኑን ረግጦ ከወረደ ሸራው ይግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዙን እየተወ ይሄዳል፤ ነጂው ይህን የሚያውቀው አጥብቆ በሚፈልገው ኩርባ ላይ ነው። ስለዚህ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ እያደረጉ መውረድ፣ ፍሬንን ከኩርባው በፊት ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ተጭኖ መልቀቅ፣ ኩርባው ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን በተለይ ጠጠር ባለበት የፊት ፍሬን አለመንካት ያስፈልጋል አለ። ከመውጣታችን በፊት የሸራውን ውፍረትና የካቴናውን ውጥረት ማየት አምስት ደቂቃ እንደማይፈጅም አከለ።

4ኛ

አንድ ወጣት የ3ኛውን ምክር ተቃወመ። እሱ ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን ነፃ አድርጎ ሐረጎን እንደሚወርድ፣ እስካሁንም አንድም ቀን እንዳልወደቀ ጻፈ። ቤንዚን ፍለጋ ከማደያ ማደያ የዞረ፣ ሲያጣም መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን በውድ የገዛ ሰው ምሬቱን ይረዳለታል። ምክሩን ግን ማንም እንዳይከተል እለምናለሁ። 3ኛውም ወዲያው ተመልሶ፣ ማርሹ ነፃ የሆነ ሞተር ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ነገር ፍሬኑ ብቻ እንደሆነ፣ የቆጠበውን ቤንዚን በሸራ መለወጫ እንደሚከፍለው አስረዳው።

5ኛ

የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ አስተማሪ የሆነ ሰው ጥያቄዬን በሒሳብ መለሰ። በሁለት ሞተሮች መካከል ቢያንስ የሁለት ሴኮንድ ርቀት ያስፈልጋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በሁለት ሴኮንድ ውስጥ 33 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አሥራ አንድ ሞተር በአንድ መስመር ቢሰለፍ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከ330 ሜትር ይበልጣል፤ አምስት ሞተር ግን ከ130 ሜትር ብዙም አያልፍም። በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚሄደው የጅቡቲ ተሳቢ ከኋላችን ቢመጣ፣ 330 ሜትር የሚረዝም ሰልፍ ቀድሞ የሚያልፍበት ቀጥ ያለ መንገድ አያገኝም፤ መሐላችን ይገባል፣ ያን ጊዜ ሰልፉም ይበጠሳል።

በቀጥታ መንገድ ላይ መሪው የመስመሩን ግራ ሲይዝ ተከታዩ ቀኙን፣ ሦስተኛው እንደገና ግራውን እየያዘ እንደ መሰላል ተፈራርቆ መሄድ እንደሚቻል፣ ኩርባ ላይ ግን ሁሉም በአንድ መስመር ተከታትሎ መግባት እንዳለበት ገለጸ። ለማጅ ሲኖር ቦታው ከመሪው ቀጥሎ ሁለተኛ ነው፤ እኛ ግን ከኋላ ነበር ያደረግነው። የወደቀው ወንድማችን ሞተር መንዳት ከጀመረ ገና ስድስት ወሩ ነው፤ መጨረሻ ያደረግነው እንዳያስቸግረን ብለን እንደነበር እዚህ ላይ ማመን ግድ ይለኛል።

6ኛ

የተቆጣ መልስ ነበር። ጸሐፊው እሑድን የሚጠብቃት ከአለቃና ከሰዓት ፊርማ ለማረፍ እንደሆነ፣ መሪና ተመሪ፣ ግራና ቀኝ፣ ቆጠራና ስም ጥሪ ካለበት ጉዞው ሽርሽር መሆኑ ቀርቶ ሰልፍ እንደሚሆን ጻፈ። ሞተር የገዛው ብቻውን ለመሄድ ነው፤ ምሳው ላይ ከተገናኘን ይበቃል ባይ ነው።

7ኛ

የመለሰችለት በሕክምና ሙያ ላይ ያለች እህት ናት፤ ቃላት አልቆጠበችም። ሽርሽር የሚለው ሰው ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ከሚነዱት ወገን እንደሚሆን፣ እሷ ግን የእንዲህ ዓይነቱን ሰው ቁስል ጠጠር በመልቀም ስታጥብ እንደምታመሽ፣ ብቻውን መሄድ የሚፈልግ ከቡድን ጋር ባይወጣ ለሁሉም እንደሚሻል ጻፈች። ጉልበትና ክርን የሚሸፍን ወፍራም ልብስ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፣ በቡድኑ ውስጥ አንድ ጨርቅና ፋሻ የያዘ ቦርሳ ያስፈልጋል አለች። የደሴ ሰው ለብርዱ ጃኬት ለብሶ ይነሣና ባቲ ሊደርስ ሲል ሙቀቱ ሲያስጨንቀው አውልቆ ከኋላ ያስረዋል፤ ሲመለስም በሸሚዝ ይነዳል። እኔም እንዲሁ አድርጌአለሁ።

8ኛ

የባቲ ተወላጅ ነው፤ ቅር ብሎታል። አንድ ሰው ሐረጎ ላይ ስለወደቀ ባቲ ለምን ትቀጣለች ይላል፤ ልክ ነው፣ ለደሴ ሰው ወደ ሐይቅ መሄድ ሐረጎን ቢያስቀርም የኮምቦልቻዎቹ አራት ግን ሽቅብ ወጥተው ማታ ያንኑ ሐረጎ ይወርዱታል። ይህን አላሰብሁትም ነበር። ባቲን እሑድ መጥቶ አየሁ የሚል ሰው ባዶ ሜዳ ዐይቶ እንደሚመለስ፣ ገበያዋ ሰኞ እንደሆነ፣ አፋሩ ግመሉን፣ ኦሮሞውና አማራው እህሉንና ከብቱን ይዞ የሚገናኝባት በዚያ ቀን እንደሆነ በኩራት ጻፈ። ስለ ፍየል ጥብሱና ስለ ግመል ወተቱ የጻፈው ግን ጾም ላይ ላሉ አንባቢዎች ርኅራኄ የጎደለው ነበር።

9ኛ

በ8ኛው መልስ የተቀሰቀሱ አንድ አባት፣ የጡረታ ሾፌር ናቸው፣ የአሰብን መንገድ አነሡ። መንገዱን ጣሊያን እንደሠራው፣ እሳቸው በኤንትሬ የጭነት መኪና ከኮምቦልቻ ተነሥተው ቆላውን ሲወርዱ ባቲ ላይ ሳይበሉ እንደማያልፉ፣ ምሳ ሲባል የሚያስቡት የእንጀራውን ጣዕም ሳይሆን ጎማውን በእግር እየነኩ የሚዞሩበትን ጊዜ እንደነበር ተረኩ። ለእሳቸው ምሳ ማለት መኪናው የሚቀዘቅዝበት፣ ረዳቱ ውኃ የሚጨምርበት፣ ከኋላ የቀረው ባልደረባ የሚጠበቅበት ቦታ ነው። በኮንቮይ ሲጓዙ የኋላኛው መብራቱ ካልታያቸው ማንም ወደ ፊት አይገፋም ነበር። ስለ አሰብ ብዙ ጻፉ፤ እኔን የጠቀመኝ ግን ይህች የመብራት ነገር ናት።

10ኛ

ያንኑ የመብራት ሐሳብ ወደ ሞተር ያመጣው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሥራ የተዛወረ ነጂ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ እያንዳንዱ ነጂ ኃላፊነቱ ከኋላው ላለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁሉም የፊት መብራቱን አብርቶ ይነዳል፤ በስፖኪዮ የኋለኛው መብራት ሲጠፋበት ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ካልመጣ ጥግ ይዞ ይቆማል። እሱ ሲቆም የፊተኛው በበኩሉ መብራት ያጣና ይቆማል፤ እንዲህ እያለ መሪው ጋ ይደርሳል። መታጠፊያና መገንጠያ ላይም የኋለኛው መታጠፉን ሳያይ ማንም አይሄድም። ስልክ አያስፈልግም፣ ስም ጥሪም አያስፈልግም። መጨረሻ የሚሆነው ደግሞ ከሁሉም በላይ ልምድ ያለው፣ ቁልፍና መንፊያ የያዘ፣ ምሳ ቢዘገይበት የማይነጫነጭ ሰው ነው።

በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው ውይይት ይህን የሚበልጥ ሐሳብ አልቀረበም። 6ኛው እንኳ ተመልሶ ይህስ ሰልፍ አይመስልም ብሎ ተቀበለው።

11ኛ

ስለ ገበታው የጻፍሁትን ያብራራልኝ የወሎ ልጅ ነው። ከአሥራ አንዳችን ስድስቱ ሙስሊም፣ አምስቱ ክርስቲያን ነን። በወሎ ሠርግና ለቅሶ ላይ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ታርዶ አብሮ መቀመጥ የቆየ ልማድ ነው፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ምግብ ቤት ግን ሥጋው የአንዱ ወገን ብቻ ይሆንና ሌላው ሽሮ ያዝዛል። ባቲም የሆነው ይኸው ነው፤ አምስቱ ሽሮ በሉ። ዓሣ ቢላዋ የሚባረክበት ነገር ስላልሆነ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይጎርሳል። ሐይቅ የመረጥሁት ለዚህ ነበር፤ እሱ ግን ከእኔ በተሻለ ገልጾታል።

12ኛ

ዓሣው የተጠበሰበት ዘይት ሥጋም ተጠብሶበት እንደሆነ ማን ያውቃል የሚል ጠንቃቃ መጣ። ትክክል ነው፤ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

13ኛ እና 14ኛ

ሁለቱ ዓሣ የጾም ምግብ ነው አይደለም በሚል ተያያዙ። አንዱ እያለሰለሰ፣ ሌላው እያመረረ ሲሄድ፣ የምንወጣው እሑድ መሆኑን፣ ዐቢይ ጾምም አለመግባቱን አስታውሼ ወደ ሞተሩ እንዲመለሱ ለመንሁ። አንደኛው ይቅርታ ጠየቀ፤ ሌላኛው ከውይይቱ ወጣ።

15ኛ

ደሴ ውስጥ ሞተር ከሚነዱ ጥቂት ሴቶች አንዷ ናት። ቅሬታዋ ስለ ሐይቅ ነው፤ ስለ ዓሣው ግን አይደለም። ባለፈው ዓመት ከሌላ ቡድን ጋር ሄዳ፣ ወንዶቹ ከምሳ በፊት የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም እንይ ብለው ገቡ። ገዳሙ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ስሙ የገነነ፣ ትልቅ የትምህርት ቦታ የነበረ ነው፤ ሴት ግን ወደ ግቢው አትገባም። እሷ ሥርዓቱን ታከብራለች፤ የከነከናት ሰባት ሄልሜትና ሰባት ጃኬት እንድትጠብቅ ዳገቱ ሥር ተትታ አንድ ሰዓት ከሩብ መቆየቷ ነው። ዕቅዱ ሲወጣ ይህ ይታሰብ፣ ገዳም የሚሳለም ሌላ ቀን ይሂድ፣ ካልሆነም ዕቃ ጠባቂው በዕጣ ይለይ አለች። የዕጣው ነገር ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ በታች የጻፈችውን ሳነብ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ።

16ኛ

ሁለቱንም ትተን ወደ ውጫሌ እንሂድ የሚል መጣ። ከደሴ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ1881 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን ከጣሊያን ጋር ውሉ የተፈረመበትን ይስማ ንጉሥን አይተን መመለስ እንችላለን አለ። ስለ 17ኛው አንቀጽም አንድ አንቀጽ የሚያህል አስተማረን።

17ኛ

ይህ ደግሞ የደሴ መምህር ይመስለኛል፤ ነገሩን ወደ ዜማ ወሰደው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የምንከራከርባቸውን ሁለት አቅጣጫዎች ስም መያዛቸውን አስተዋለ፤ ወደ ምሥራቅ ብንሄድ ባቲ፣ ወደ ሰሜን ብንገፋ አምባሰል፣ የትም ባንሄድ ትዝታ ይቀረናል አለ። 5ኛው አስተማሪ የቀረው አንቺ ሆዬ ነዳጅ ለሌለው ይሁን ብሎ መለሰለት። ከርእሳችን መውጣታቸውን አውቃለሁ፤ አልከለከልኋቸውም።

18ኛ

ከሁሉም የጠነከረው ይህ ነው። በሐይቅ ከተማ ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት፤ ስለ መንገድ አንድም ቃል አልጻፈችም። ሞተረኞች ሲመጡ እንዲህ ነው አለች፦ ሳይደውሉ በሰባት ሰዓት፣ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ይገባሉ፤ አራት ጠረጴዛ ያጋጥማሉ፤ ሞተራቸውን በሩ ላይ ደርድረው ሌላውን ደንበኛ ያሳልፋሉ፤ ለአሥራ ሁለት ሰው ስድስት ዓሣ አዝዘው በአንድ ማኪያቶ ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ሲነሡ ደግሞ ሞተሩን እያስጓሩ ሕፃን ይቀሰቅሳሉ። ከዚያ ሒሳቡን እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል ሲገፋፉ መልሱ ይምታታባታል፤ አንድ ጊዜ ሁለት ሰው ከፍሎ፣ ሌላ ጊዜ ማንም ሳይከፍል ሄደዋል።

ቆሮሶውን ዓሣ አጥማጆቹ የሚያመጡት በጠዋት ነው፤ ስንት ሰው እንደሚመጣ ዋዜማውን ካላወቀች የምትገዛው የወትሮውን ያህል ነው፤ ዘግይቶ የመጣ አምባዛም አያገኝ። ከአምስት ወይም ከስድስት አትብለጡ ያልሁት ለመንገዱ ነበር፤ እሷም ለወጥ ቤቷ ያንኑ ቁጥር ብላለች፤ ሁለት ቡድን ከሆናችሁም በአርባ ደቂቃ ተራርቃችሁ ኑ አለች።

6ኛው ለዚህ መልስ ሰጠ፤ ደንበኛ ንጉሥ ነው የሚል ነገር ነበር። 7ኛዋም 15ኛዋም ተከትለው ወረዱበት። የሁለቱን ቃል እዚህ አላሰፍረውም።

19ኛ

ከኮምቦልቻዎቹ አራት አንዱ፣ ሐረጎን ሽቅብ መውጣት ራሱ ሥራ መሆኑን አስታወሰ። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ስለሚሳሳ፣ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ሁለት ሰው ጭኖ ሲወጣ ይደክማል፤ ጉም ከወረደ ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ሰው አንጭን፣ ጠዋት ጉም ካለ እስኪገፈፍ ኮምቦልቻ ቡናችንን እየጠጣን እንቆይ አለ። ሁላችንም ተስማማን።

20ኛ

ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የሚቀጥለው እሑድ ሐይቅ፣ የሚቀጥለው ወር ባቲ። የኮምቦልቻዎቹ አራትና ከደሴ አንድ በመጀመሪያው ቡድን፣ ስድስታችን በሁለተኛው፣ በመካከላችን አርባ ደቂቃ። በየቡድኑ ለማጁ ሁለተኛ፣ ባለ ቁልፉ መጨረሻ፤ መብራት በርቶ፣ ስፖኪዮ ተስተካክሎ። በሐይቅ መንገድ ላይ ያለውን ጢጣንም ሆነ ሐረጎን ያለፈ ሰው ሁሉ ቆሞ ይቆጠራል፤ 1ኛው አባት እንዳሉት ከተሻገሩ በኋላም። ሒሳቡን አንድ ሰው ይከፍላል፤ ገዳም አንገባም። 18ኛዋ ቁጥራችንን ቅዳሜ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እንድነግራት ጠየቀች፤ አሥራ አንድ ነን ብያታለሁ።

21ኛ

በመጨረሻ ወዳቂው ራሱ ጻፈ። ጉልበቱ ቅርፊት እንደያዘ፣ የእግር መርገጫውን 3ኛው መካኒክ ሳያስከፍል እንዳቃናለት፣ እሑድ እንደሚመጣ፣ በማንም ላይ ቅያሜ እንደሌለው አስታወቀ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ መዋጮውን ከሁሉም በፊት የከፈለው እሱ ስለነበር፣ ባቲ ላይ ተከፍቶለት የነበረውን ለስላሳ ማን እንደጠጣው ይነገረው።

ሁለት ቀን ማንም አልመለሰለትም።

22ኛ

የጠጣሁት እኔ ነኝ። እስኪሞቅ ድረስ ጠብቄው እንደነበር ግን ይታወቅልኝ።